ደሴ ላይ ልቦለድ ለመጻፍ ተቀምጦ አለመጻፍ፦ የሚያዘናጋው ምንድን ነው? በምንስ ይዘጋል?

ጦሳ_ሥር (ክር ከፋች)

ሰላም ጀመዓ። ክሩ ልቦለድ ጀምረው ምዕራፍ ሁለት ላይ ለቆሙ ነው። «ቆራጥ ሁን»፣ «ራስህን አሸንፍ» የሚለው ምክር በየግድግዳው ስለተለጠፈ እዚህ አያስፈልግም። ስንት ደቂቃ፣ ስንት ቃል፣ ስልኩ ላይ የቱን መጫን፣ ጎረቤትን ምን ብሎ መመለስ፤ እንዲህ ያለውን አምጡ። ደሴ ላይ ቤቱ ተቀምጦ የሚጽፍን ሰው ከወንበሩ የሚያስነሱት፦ ቡና፣ ስልክ፣ ብርድ፣ የመብራት መጥፋት፣ ለቅሶና ሠርግ፣ በርጫ፣ «ጥናት»። የመጨረሻውን በጥቅስ ውስጥ ያስገባሁት አውቄ ነው።

የጀበና_ጎረቤት

በቡና ልጀምር፣ ስሜም ያስገድደኛል።

ወሎ ውስጥ ቡና ለመከልከል የተነሳ ጸሐፊ ከቤቱም ከሰፈሩም ይጣላል፣ ምዕራፉንም አይጨርስም። የሚሻለው የቡናውን ሰዓት ማወቅ ነው። አጥቦ መቁላት 15 ደቂቃ፣ መውቀጥ 10፣ ጀበናው ፈልቶ እስኪሰክን 20። ስለዚህ የቁሌቱ ሽታ ከመጣ እስከ አቦል ከ35 እስከ 40 ደቂቃ አለ። አብዛኛው ሰው ግን ሽታው እንደመጣ ተነስቶ ይሄድና ያቺን 40 ደቂቃ ሲኒ ሲደረደር ሲያይ ያሳልፋታል። ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየመሃሉ ጨዋታ። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ይሞላል።

ሽታውን እንደ ደወል ቁጠሩት፤ ሲመጣ የተጀመረውን ትዕይንት መዝጋት ጀምሩ። ለቤት ሰው ገና በጠዋቱ «እኔን ለቶና ጥሩኝ» በሉ። ቶና ላይ ገብቶ በረካን ጠጥቶ መውጣት ነው። በረካን ጥሎ መሄድ አይመከርም፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሁለት ሰዓት የነበረው ወደ 40 ደቂቃ ይወርዳል።

የሚበላሸው ትልልቅ ሰዎች ተገኝተው ዱዓ ከተጀመረ ነው። ዱዓ መሃል ብድግ ብሎ «ልጽፍ ነው» የሚልን ሰው ወሎ አላሳደገውም። ስለዚህ ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ መጠየቅ፤ ሽማግሌ ካለ የዕለቱ ሥራ ከቡናው በፊት ይለቅ።

ቦርከና_ማዶ

ኮምቦልቻ ላይ ላለን ሰዓቱ ራሱ ይለያል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በወረድክ ቁጥር ጃኬቱ ይወልቃል። ደሴ ላይ ንጋት ላይ ጣት ይደነዝዛል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያንጎላጃል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲሆን ይብሳል። «ጸሐፊ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳ» የሚለው ለእኛ ልክ ሲሆን ለደሴ ልጅ በታኅሣሥ ቅጣት ነው። ደሴ ከረፋዱ 3 እስከ 6፣ ኮምቦልቻ ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት።

ስልክን በተመለከተ፣ አጠገብ ለማስቀመጥ ሦስት ሰበቦች አሉ። «ሰዓት ማያዬ ነው»፤ የግድግዳ ሰዓት ግዙ። «መዝገበ ቃላቴ እሱ ላይ ነው»፤ ለረቂቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። «ድንገት የታመመ ሰው ቢኖርስ?» ይኼኛው እውነተኛ ነው፣ መልስም አለው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ «ዱ ኖት ዲስተርብ» የሚለውን ፈልጉ፣ ጥሪ የሚለው ውስጥ «ሪፒት ኮለርስ» የሚለውን አብሩ። ያኔ ስልኩ ዝም ይላል፤ አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከደወለ ግን ይጮኻል። ቁም ነገር ያለው ሰው ይደግማል። «ምን ትሠራለህ?» ሊል የደወለው አይደግምም።

ከዚያ ስልኩ ሌላ ክፍል ይግባ። ትራስ ሥር የገባ ስልክ እጅ ላይ እንዳለ ይቆጠራል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ፦ ረቂቁ እንዳይጠፋ ወደ ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅስ» መላክ። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ግን ፋይል ልትልክ ቴሌግራም የከፈትክ ሰዓት የዕለቱ ጽሑፍ አልቋል። በየቀኑ ወደ ፍላሽ ገልብጥ፣ ወደ ቴሌግራም በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሥራ ካበቃ በኋላ።

አርታኢዋ

ቡናውም ስልኩም በር አንኳኩተው ነው የሚገቡት፣ ሁሉም ያውቃቸዋል። ረቂቅ የሚገድለው ሥራ መስሎ የሚገባው ነው። እዚያ ላይ ልቆይ።

ፊደል። «ኃይል» ነው «ሀይል»? «ዓለም» ወይስ «አለም»? ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ እየቆመ ይህን ሲያሰላስል ቀኑ ይመሻል፣ «ሠርቻለሁ» ብሎም ይተኛል። ረቂቅ ላይ ጣት የመጣለትን ይጻፍ። የሚወሰነው የዋና ገጸ ባሕርያትና የቦታ ስም ብቻ ነው፤ እነሱን በግማሽ ወረቀት ጽፎ ፊት ለፊት መለጠፍ። ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ፍለጋ ነው፦ ለእሱ ሐ እና ሀ የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። «ሐሰን» ብለህ ስትፈልግ «ሀሰን» ያልከውን አያመጣልህም፣ ስለዚህ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ መጽሐፉ ውስጥ ይኖራል።

አራት ነጥብም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ። በመጻፍ ፈንታ ፡ን ሁለት ጊዜ ይመታል። ዓይን ላይ አንድ ይመስላሉ። መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ሁለተኛው ነጥብ ተነጥሎ ወደ ታች መስመር ሊወርድ ይችላል፣ ጸሐፊውም እያንዳንዱን በእጁ ሲያስተካክል ይውላል። መጽሐፉ ሲያልቅ በአንድ «ፈልግና ተካ» ይስተካከላል፤ ፈልግ ላይ ሁለቱን ፡፡ ተካ ላይ አንዱን ። አድርጎ። እስከዚያ አትንኩት።

ግስ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ዐረፍተ ነገሩ አራት መስመር ሲሆን ባለቤቱ ይጠፋል። «ገብቶ፣ አይቶ፣ ተቆጥቶ፣ በሩን ዘግቶ...» ተብሎ ከተሄደ በኋላ የወጣው ማን ነው? ጸሐፊው ወደ ላይ ተመልሶ ሲያነብ አንድ ቃል ይለውጣል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ምዕራፍ አንድ ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ አይመለስም፤ ምዕራፍ አንድን 14 ጊዜ ጽፎ ምዕራፍ ሦስት የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ደንቡ፦ ሥራ ሲጀመር የትናንቱን የመጨረሻ 10 መስመር ብቻ ማንበብ። ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ከተጣመመ እንዳለ ትቶ ቀጣዩን በአጭሩ መጀመር።

የጎደለ ነገር ሲያጋጥም፣ ለምሳሌ የጨርቁ ዓይነት፣ የመንገዱ ስም ወይም ቀኑ፣ እዚያው ቦታ ላይ «ቨቨ» ብሎ ማለፍ። ቨ በአማርኛ ከውጭ ቃል በቀር አይመጣም፣ ሁለት ጊዜ ተከትሎማ ጭራሽ የለም። መጨረሻ ላይ «ቨቨ» ብለህ ስትፈልግ የጎደለው ሁሉ ተራ በተራ ይመጣል። በደብተር የሚጽፍ ሰው ከኅዳጉ ላይ በቀይ ቢክ ቢያደርገው ይበቃል።

የመርሆ_ግቢ_ሰው

አርታኢዋ፣ በ«ቨቨ» እስማማለሁ፣ ግን ጥናትን ሁሉ ወደ መጨረሻ መግፋት ለታሪክ ልቦለድ አይሠራም። ደሴን በ1928 ዓ.ም. የሚጽፍ ሰው ኅዳር ላይ ጣሊያን ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ ጃንሆይ እዚያው እንደነበሩ ካላወቀ የታሪኩ ሴራ ራሱ ይፈርሳል።

አርታኢዋ

ትክክል። የሚለየው እሱ ነው፦ ሲሳሳት ሴራውን የሚያፈርስ ነገር አስቀድሞ ይጠናል፤ ሲሳሳት አንድ ቃል ብቻ የሚያስቀይር ነገር «ቨቨ» ይሆናል። ጃንሆይ ከተማ ውስጥ መኖራቸው የመጀመሪያው ነው። የገጸ ባሕርይዋ ነጠላ ጥለት ሁለተኛው ነው።

የመርሆ_ግቢ_ሰው

በዚህ ከሄድን ቀን መቁጠሪያውን ልጨምር፣ ብዙ ከሰዓት የሚበላ ነገር ስለሆነ። ድብደባው ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፤ የውጭ መጻሕፍት ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ይሉታል። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928፣ በእነሱ ኤፕሪል 15 ቀን 1936። በእኛ አንድ ዓመት የሆነው በእነሱ ሁለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት።

ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። በሌላ ዓመት ኅዳር 26 ዲሴምበር 5 ይውላል። በ1927 ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ቀጥሎ ያለው ዓመት እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል፣ የልዩነቱ ድንበርም ታኅሣሥ 21 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት መጽሐፍ «ተጋጩብኝ» ብሎ ሦስተኛ ፍለጋ ይሄዳል። አልተጋጩም።

ደግሞም አንባቢ ቀኑን አያስታውሰውም። ኅዳር መጨረሻ፣ የመኸር አጨዳ ሰዓት፣ ሌሊቱ የሚቆረጥም ብርድ፤ ለትዕይንቱ ይህ ይበቃል። ጥናት በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ የ«ቨቨ» ዝርዝር በእጅ ይዞ። ዝርዝር ሳይዙ ወደ መጽሐፍ መሄድ ንባብ ይባላል፤ ደስ ይላል፣ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

በርጫን ሳያነሱ ማለፍ እዚህ አገር ውሸት ይሆናል። «ምርቃና ላይ ነው የሚጻፈው» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። እስቲ ይመለስ።

ቦርከና_ማዶ

በሒሳብ እንየው። የመጀመሪያው ሰዓት ቅጠል መቀንጠስና ጨዋታ ነው። ከዚያ ምርቃናው ይመጣል፤ ጭንቅላት ይፈጥናል፣ ዐሥር ልቦለድ ይታቀዳል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደግሞ የሚጽፈው ሰው ድብርት ላይ ነው። ሁለት ሰዓት አግኝተህ የነገውን ሦስት ሰዓት ከፍለሃል።

የጽሑፉም ጉዳት ይታወቃል። ንግግር ይበዛል፣ ማንም ማንንም አያቋርጥም፣ እረኛውም ዳኛውም እንደ መረቀነ ሰው ያወራሉ። አርታዒ ከሦስት ገጽ ላይ ሁለት ገጹን የሚያወጣው ከዚህ ዓይነቱ ምዕራፍ ነው። የማይተው ሰው ካለ ሁለት ነገር ይጠብቅ፦ ያን ሰዓት የትዕይንት ዝርዝር ብቻ በወረቀት ይጻፍ፤ ምንም ነገር አይሰርዝ። በምርቃና የተሰረዘ ምዕራፍ ጠዋት ሲፈለግ አይገኝም።

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

ወላሂ እረኛውና ዳኛው ልክ ነው 😄

ምጣድና_ብዕር

የወንዶቹን የሰዓት ሰሌዳ አየሁት፤ «ከ3 እስከ 6» የሚለው ምሳ የሚሠራላችሁ ሰው እንዳለ ያስባል። ቤት ላለባት ሴት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል።

እንጀራ በሚጋገርበት ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ አንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ 25 እንጀራ ከሰዓት በላይ ነው። በዚያች ሁለት ደቂቃ መጻፍ አይሞከር፣ ወይ እንጀራው ይደርቃል ወይ ዐረፍተ ነገሩ። የሚቻለው አንድ ጥያቄ ይዞ መጋገር ነው፦ «በሩን ስትከፍት ማን ቆሞ ታገኛለች?» ከዚህ በላይ አይያዝም። መልሱ ሲመጣ በድምፅ መቅዳት ይቻላል፤ ጂቦርድ (የጉግል የስልክ ኪቦርድ) ላይ አማርኛ ጨምሮ ማይክራፎኑን መጫን ነው። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አራት ነጥብ አያስገባም፣ ፊደሉንም እንደፈለገው ነው የሚመርጠው። ስለዚህ ማታ ሳይረሳ እዚያው ቀን ማስተካከል፤ ሦስት ቀን ከቆየ ምን እንደተባለ ባለቤቷም አታውቀውም።

ልጆች ትምህርት ቤት ባሉበት ሰዓት የቤት ሥራ አይሠራ። ልብስ ልጆቹ እያዩም ይታጠባል፤ ትዕይንት ግን አይጻፍም።

ጦሳ_ሥር

እህቴ፣ ይኼን መጀመሪያ ላይ ማንሳት ነበረብኝ። መብራትና ብርድ የሚያውቅ?

ቧንቧ_ውሃ_ቴክ

መብራት፦ ዎርድ ራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ብላችሁ 10 የሚለውን ወደ 2 ቀይሩት። ይህ ግን የመጠባበቂያ ቅጂ ብቻ ነው፤ ባዶ ገጽ ከፍቶ ስም ሳይሰጥ መጻፍ አደጋ ነው። ገና አንድ መስመር ሳትጽፉ በስም አስቀምጡት፣ ከዚያ በየአንቀጹ ኮንትሮልና ኤስ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በጠፋ ቅጽበት ይዘጋል፤ እንዲህ ላለው ደብተር አጠገብ ይኑር። አንድ ገጽ 25 መስመር፣ በመስመር 6 ቃል ቢሆን 150 ቃል ነው፤ ሦስት ገጽ ተኩል ገደማ 500 ቃል ይሆናል።

«መብራት እስኪመጣ» ብሎ መጠበቅ ዋናው መዘናጊያ ነው። መብራቱ መጥቶም ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ልብስ ይተኮሳል።

በድሮ ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ስትከፍቱት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ አልጠፋም፣ ፎንቱ ነው የጎደለው። ወደ ዩኒኮድ የመቀየሩን ሥራ ለብቻው ቀን ስጡት። በመጻፊያ ሰዓት አይነካም።

የጀበና_ጎረቤት

ብርድን እኔ ልመልስ። ጋቢ፣ ካልሲ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት። የከሰል ማንደጃ ይዞ በር ዘግቶ መጻፍ ግን ክልክል ነው። «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ቀልቷል» የሚል አለ፤ ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም አይሸትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ ይከብዳል፣ ቃል ይጠፋል። ሰውየው «ሐሳቤ ደረቀ» ብሎ ታሪኩን ይጠረጥራል፣ ራስ ምታቱ ግን ከከሰሉ ነው። እንዲያ ሲሆን ቶሎ ውጭ መውጣት። ፍሙ ለቡና ከሆነ በር ተከፍቶ፣ ሰው ባለበት።

ጋሽ_አራዳ

ልጆቼ፣ ዋናውን ዘለላችሁት። ጎረቤት።

ጋቢ ለብሶ ቤቱ የተቀመጠን ሰው «ሥራ ላይ ነው» ብሎ የሚያምን የደሴ ጎረቤት የለም። ስለዚህ ለሥራ ልበሱ፣ ጫማ አድርጉ፤ ጋቢውም ከኮቱ በላይ ይሁን። ጠዋት ወጥታችሁ ሰላም በሉ፣ ቀጥሎ «እስከ 6 ሰዓት ሥራ ገብቻለሁ፣ ስወጣ እመጣለሁ» በሉ። የመመለሻ ሰዓት ከተነገረው ሰው አይቀየምም። ሰዓቱ ካልተነገረው «ታመመ እንዴ?» ብሎ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ደግሞም እውነት አለው። በር ላይ ወረቀት መለጠፍ አያዋጣም፤ ወረቀቱን አንብቦ ስለወረቀቱ ሊጠይቅ ያንኳኳል።

ለቅሶ አይቀርም። እድርተኛ ሞቶ «ምዕራፍ ላይ ነኝ» አይባልም። ለዚህ ነው የቀን ግዳጅ እዚህ አገር የሚሰበረው፤ ማክሰኞ ቀብር፣ ረቡዕ ማስተዛዘን፣ ሐሙስ ላይ ሰውየው «ሦስት ቀን አልጻፍኩም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በሳምንት ቁጠሩት። 2,500 ቃል ለስድስት ቀን። በ500 ከተሄደ አምስት ቀን ይበቃል፣ አንዱ መጠባበቂያ ነው። ለቅሶ ሁለት ቀን ከወሰደ በቀሩት አራት ቀናት 625 ነው፣ አይከብድም። በዚህ አካሄድ 60,000 ቃል 24 ሳምንት ነው። ያለፈው ሳምንት ጉድለት ወደዚህኛው አይዞርም፤ ዕዳ የያዘ ጸሐፊ ወንበሩን ይሸሻል።

ሰኞ ደግሞ አትጻፉ፣ ሰኞ ገበያ ውረዱ። ትንሽ ደብተር ኪስ ውስጥ። ሻጭና ገዢ እንዴት እንደሚከራከሩ ያልሰማ ሰው የወሎን ንግግር ከቤቱ ሆኖ አይፈጥረውም። ግን አንድ ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ሸመታ ነው።

ሐረጎ_ጠመዝማዛ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርይው «ከበደ» ነበር፣ አሁን «ሐሰን» ይሁን ከተባለ ሁሉንም በአንዴ መቀየር ይቻላል?

አርታኢዋ

አብሽር፣ ግን «ሁሉንም ተካ» የሚለውን እንዳትነካ። ከበደ ስም ብቻ መስሎሃል? «ሸክሙ ከበደ» ያልከው «ሸክሙ ሐሰን» ይሆናል፣ «ነገሩ ከበደው» ደግሞ «ነገሩ ሐሰንው»። ደስታ፣ ብርሃን፣ ተስፋ፣ አለሙ፤ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። «አሊ»ን ስትቀይር «አሊያም» አብሮ ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ «ሐሰን» እያልክ ቀጥል፣ ከላይ ያለው «ከበደ» እንዳለ ይቆይ፣ ግማሽ ወረቀቱ ላይ «ከበደ = ሐሰን፣ ከገጽ 41 በፊት» ብለህ ጻፍ። መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ በአንድ፣ እያየህ።